የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪናዎ ለጥገና ተጠርታ ይሆን?

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ አምራቹ ፋብሪካ በሸጠው መኪና ላይ ሕይወትን የሚያሰጋ ጉድለት ሲያገኝ መኪናዋን መልሶ የሚጠራበትና በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት፣ በጋራዥና በመኪና ሻጮች ዘንድ «ሪኮል» የሚባለው የጥገና ጥሪ ነው። የጠያቂዎቹን ስም በፊደል ብቻ አመልክተናል፤ ረዘም ያሉትንም ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

«ማንን ልመን?»

*የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከዱባይ የገባች፣ እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል የሆነች ቶዮታ ኮሮላ ገዝቼ ለንግድ ሥራዬ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ እመላለስባታለሁ። አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎ «የዚያ ዘመን ኮሮላ ኤርባጉ ሰው ይገድላል፤ አትንዳት» አለኝ። ጎረቤቴ የሆነ መካኒክ ደግሞ «ያ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፤ አንተን የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ይደርስህ ነበር» ብሎ ያጽናናኛል። ማንን ልመን?*
ሰ. መ.፣ ከኮምቦልቻ

ይድረስ ለአቶ ሰ. መ.፦ የአክስትዎ ልጅ የነገረዎት መሠረት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶዮታ በአሜሪካ ያሉ የ2003 እና የ2004 ሞዴል ኮሮላዎችን፣ እንዲሁም የ2004 እና የ2005 ሞዴል ራቭፎሮችን ጨምሮ ወደ 50,000 የሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች፣ ጥገናው እስኪደረግላቸው ድረስ መኪናቸውን ጨርሶ እንዳይነዱ አስጠንቅቋል። አምራች ኩባንያ የራሱን መኪና «አትንዱ» የሚለው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነውና፣ ይህን ቃል እንደ ተራ ወሬ ማየት አይገባም።

የጉድለቱን ምንነት ቢያውቁት የሚወስዱትን ጥንቃቄ ያቀልልዎታል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለበርካታ የመኪና አምራቾች ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የተቀመጠውን ሰው የሚጋርድ ከረጢት፣ ያቀርብ ነበር። በኤርባጉ ውስጥ፣ ከረጢቱን በቅጽበት በጋዝ እንዲሞላ ተብሎ በብረት ዕቃ የታሸገ ተቀጣጣይ ኬሚካል ይገኛል፤ ታካታ ለዚህ ሥራ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬትን ነበር። ይህ ኬሚካል እርጥበት ይስባል። እርጥበቱን የሚመጥለት ማድረቂያ ሳይጨመርበት ለብዙ ዓመታት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ጥንካሬውን ያጣል፤ ይሰነጣጠቃል፤ ይፈረፈራል። የተፈረፈረው ከጠጣሩ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚነድ፣ ግጭት ደርሶ ኤርባጉ ሲነሣ የብረቱ ዕቃ ግፊቱን መሸከም ያቅተዋል፤ ይፈነዳና ስብርባሪው ከረጢቱን በጥሶ በተቀመጠው ሰው ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ ይበተናል። ለዚህ ደግሞ መኪና የሚያደቅቅ አደጋ አያስፈልግም፤ ኤርባጉን ሊያስነሣ የሚችል ማንኛውም ግጭት በቂ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በሆንዳ ተደረገ። በ2013 ቶዮታ፣ ኒሳንና ማዝዳ ጭምር ገቡበት፤ በመጨረሻም ጥሪው በዓለም የመኪና ታሪክ ትልቁ ሆኖ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤርባግ ደረሰ። ታካታ በሰኔ 2017 ኪሳራ አውጇል። በአሜሪካ ከ25 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ጉድለት መሞታቸውና ቢያንስ 400 ሰዎች መጎዳታቸው ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ መካኒክ ቃል እንምጣ። ደብዳቤ አለመድረሱ መኪናዋ ደህና ስለመሆኗ ምንም አያረጋግጥም። አምራቹ ደብዳቤ የሚልከው መኪናዋ በተሸጠችበት አገር መዝገብ ላይ ለሰፈረው ባለቤት ነው። የእርስዎ ኮሮላ በመጀመሪያ በሌላ አገር፣ ለሌላ ሰው ተሸጣለች፤ ከዚያም በነጋዴ እጅ ጂቡቲ ደርሳ፣ ወደ አገር ገብታ፣ ምናልባትም ሁለት ሦስት ሰው ከያዛት በኋላ ነው እርስዎ እጅ የገባችው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አምራቹ የእርስዎን ስምና አድራሻ የሚያገኝበት ቀዳዳ የለም። ጥሪው ግን ከሰው ጋር ሳይሆን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናዋ ባሕር ብትሻገር፣ ቀለሟ ቢቀየር፣ ሞተሯ ቢለወጥ እንኳ የሻንሲ ቁጥሯ እስካለ ድረስ ያልተፈጸመው ጥሪም አብሯት አለ። ስለዚህ ፈልጎ የሚያገኛት ባለቤቱ ራሱ ነው እንጂ ሌላ ማንም አይመጣም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከውጭ አገር ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ያለበት ሁኔታ ይኸው ስለሆነ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሊብሬዎን ያውጡና በላዩ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ በሞዴሉ ላይ ተመሥርቶ ከፊት መስታወቱ ሥር በዳሽቦርዱ ጠርዝ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ተለጣፊ፣ ወይም በሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዓለም አቀፉ ቁጥር 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ‹አይ›፣ ‹ኦ› እና ‹ኪው› የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ስለዚህ በሊብሬው ላይ ‹ኦ› የሚመስል ካዩ ዜሮ ነው፤ ‹አይ› የሚመስል ካዩ አንድ ነው። ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ፍለጋቸው የከሸፈባቸው ብዙ ሰዎች የተሳሳቱት በዚህ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የተሠራችበትን አገር ይነግርዎታል፤ ‹ጄ› ከሆነ ጃፓን፣ 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፣ 2 ከሆነ ካናዳ፣ ‹ኤል› ከሆነ ቻይና ማለት ነው። በጃፓን ለራሱ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን 17 ምልክት የላቸውም፤ የሞዴሉን መለያ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር የያዘ አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው።

ቁጥሩን ከያዙ በኋላ የት እንደሚፈልጉ የሚወስነው መኪናዋ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነች የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ባዘጋጀው የመፈለጊያ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡ ያልተፈጸሙ ጥሪዎች ይዘረዘራሉ። የጃፓን ከሆነች አምራቾቹ በየገጻቸው በጃፓንኛ ያዘጋጁት መፈለጊያ አለ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራች ከሆነች የሳዑዲ ዓረቢያ የንግድ ሚኒስቴር የጥሪዎች ገጽ ሊጠቅምዎ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለባሕረ ሰላጤው የተሠራች መኪና ቁጥር በአሜሪካው ገጽ ላይ ሲገባ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ መልሱ መኪናዋ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም ማለት እንጂ ጉድለት የለባትም ማለት አይደለም። የእርስዎ ኮሮላ ከዱባይ ስለመጣች ለዚያው ገበያ የተሠራች ልትሆን ትችላለች፤ ደግሞም ከአሜሪካ ዱባይ ገብታ ከዚያ ወደ እኛ የተሻገረች ልትሆን ትችላለች። ስለሆነም ሁሉንም ገጾች ይሞክሩ፤ ከዚያ ጎን ለጎን በአገራችን የቶዮታ ወኪል ለሆነው ለሞኤንኮ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥተው በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት የምለው፣ በቃል የተጠየቀ ጥያቄ መልሱም በቃል ስለሚቀርና ነገ የሚጠቀስ ሰነድ ስለማይኖርዎ ነው።

የእኛ አገር አየር ለዚህ ኬሚካል ይከፋል ወይ ብለው ያስቡ ይሆናል። ጉድለቱን በዋነኛነት የሚያፋጥነው ከፍተኛ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት አንድ ላይ ሲገናኙ፣ በዚያም ላይ ዕድሜ ሲጨመር ነው። ደሴና አካባቢዋ ደጋ ናቸው፤ የሚሌ ሙቀት ብርቱ ቢሆንም ደረቅ ነው። ነገር ግን መኪናዋ ወሎ ከመድረሷ በፊት ዓመታትን ያሳለፈችው በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከሆነ፣ ክፉውን አየር እዚያው ጠጥታው መጥታለች፤ ደጋ መግባቷ የተጎዳውን ኬሚካል አያድሰውም። በዚህ ላይ የ2003 ሞዴል መሆኗን ሲጨምሩበት ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ኤርባግ ነው ያለዎት። በእኔ ግምት ስለ እርስዎ መኪና ከሁሉም በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ያለፈ ታሪኳ ነው።

ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ጉዞ በእሷ አይሂዱ። ጥሪው የሚመለከተው የጋቢናውን ተሳፋሪ ኤርባግ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ እስኪቀየር ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ማንንም አያስቀምጡ፤ ሰው ቢበዛ እንኳ ከኋላ ይቀመጥ ወይም ሌላ መኪና ይፈለግ። የሾፌሩ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚለው አያዋጣም፤ ሌላው ሰው መጥቶ ሲገጭዎ የእርስዎ ቀስታ ኤርባጉን አይከለክለውምና መኪናዋን ማቆም ነው የሚገባው።

«መብራቱን አጥፍተን እንገላገል»

*የቶዮታ ያሪስ መኪና አለችኝ። በዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ ምልክት ያለበት መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ፤ ወይ ሶኬቱን ነቅለን መብራቱን እናጥፋው፣ ወይ ከተጋጨች መኪና የወጣ ኤርባግ እንግጠምልሽ አሉኝ። ያሪስም በሪኮሉ ውስጥ አለች ሲባል ሰምቻለሁ። የአራት ዓመት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የማመላልሰው ከጎኔ አስቀምጬ ነው። ምን ይሻለኛል?*
ወ/ሮ ዘ. እ.፣ ከደሴ

ይድረስ ለወ/ሮ ዘ. እ.፦ ሌላውን ሁሉ ከማየታችን በፊት ልጅዎን ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ ያስቀምጡት። ጉድለት የሌለበት ደህና ኤርባግ እንኳ የተሠራው ለአዋቂ ሰው አካል ነው፤ ከዳሽቦርዱ የሚወጣበት ኃይል የሕፃን አንገት የሚችለው አይደለም። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከኋላ እንዲቀመጡ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። በከተማችን እናት ሕፃኗን ታቅፋ ጋቢና ስትቀመጥ ማየት የተለመደ ነው፤ አክብሮት ተደርጎም ይቆጠራል፤ ነገር ግን ግጭት ቢደርስ ሕፃኑ በእናቱና በኤርባጉ መካከል የሚገባ መሆኑን አስባችሁ ይህን ልማድ እንድትተዉ ይህን የምታነቡትን ሁሉ እለምናለሁ።

ወደ መብራቱ ስንመለስ፣ ቁልፍ ሲከፈት ለስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት ያለበት ነው። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ራሱን ፈትሾ ችግር አግኝቷል፤ በዚህ ሁኔታ ኤርባጉ በሚፈለግበት ጊዜ ላይነሣ ይችላል። መብራቱ የሚናገረው ስለ ሶኬት፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ወይም ስለ ቀበቶው ማጥበቂያ ሊሆን ይችላል እንጂ፣ ስለ ታካታው ኬሚካል ምንም አያውቅም። የተፈረፈረ ኬሚካል ያለበት ኤርባግ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሁሉ ነገር ሰላም መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉዎት። መብራቱን በኮምፒውተር በሚመረምር ባለሙያ ያሳዩ፤ የጥሪውን ጉዳይ ደግሞ ለአቶ ሰ. መ. እንደገለጽኩት በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ። ያሪስ በተለያዩ የምርት ዘመኖቿ በታካታው ጥሪ ውስጥ የገባች በመሆኗ ማጣራቱ ለእርስዎም ይገባል።

ጋራዡ ካቀረበልዎት ሁለት ምርጫዎች ሁለቱንም እንዳይቀበሉ እመክራለሁ። አምፖሉን ማውጣት ወይም ኤርባጉ ባለበት ቦታ ሬዚስተር (ኤርባጉ ያለ የሚያስመስል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) አስሮ ኮምፒውተሩን ማታለል፣ ችግሩን ሳይነካ ምስክሩን ብቻ ዝም ያሰኛል፤ ነገ መኪናዋን የሚገዛዎት ሰውም ሳያውቅ ይሳፈርባታል። ከተጋጨች መኪና የወጣ ኤርባግ ደግሞ በምን አየር ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ራሱም በጥሪው ውስጥ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ርካሽ ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው ተመሳስሎ የተሠራ ኤርባግም ከዚያ አይሻልም። የአሜሪካው የደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ እነዚህ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዘጠኝ ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት ሰዎች መሞታቸውንና በሌሎች ሁለት ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ገልጿል። አደጋዎቹ ሊተርፉባቸው የሚችሉ ግጭቶች ነበሩ።

ለማንኛውም ጥገና መሪው የሚፈታ ከሆነ ደግሞ መካኒኩ የሚያደርገውን ቆመው ይመልከቱ። የኤርባግ ሽቦዎችና ሶኬቶች እንዲለዩ ቢጫ ቀለም ተሰጥቷቸዋል። ቶዮታ በመመሪያው የባትሪው ኔጌቲቭ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ ወደ እነሱ እጅ እንዳይሰደድ ያዛል፤ ኮምፒውተሩ ባትሪው ከተፈታም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኤርባጉን የሚያስነሣ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና። በቴስተር ኤርባጉን ለመለካት መሞከርም ራሱ ሊያስነሣው ስለሚችል ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ፊቱን ወደ መሪው አስጠግቶ ሲፈታ ካዩት ያስቁሙት፤ የሚያድኑት የራሱን ሕይወት ነው።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ። እንዲህ ባለው ሥራ ዳሽቦርዱ የሚቆረጥና የሚገጣጠም በመሆኑ፣ ኤርባጉ ከነጭራሹ ላይኖር ወይም ያለቦታው ሊገጠም ይችላል። ቁልፍ ስትከፍቱ የኤርባጉ መብራት ለአፍታ እንኳ የማይበራ ከሆነ፣ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ሥርዓቱ ተቆርጧል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከመግዛት በፊት

*በደላላ አማካይነት የ2016 ሞዴል ቶዮታ ልገዛ ተነጋግሬአለሁ። ሻጩ «መኪናዋ ምንም የላትም» ይላል። ስለ ቤንዚን ፓምፕ ሪኮል ሰምቼ ስጠይቀው ተቆጣ። ከገዛሁ በኋላ ጉድለቱ ቢገኝ ሻጩ ይጠየቃል?*
አ. ሁ.፣ ከወልድያ

ይድረስ ለአቶ አ. ሁ.፦ የሰሙት እውነት ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በተከታታይ ባደረጋቸው ጥሪዎች፣ ባብዛኛው ከ2013 እስከ 2020 የተሠሩ ወደ 5.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በነዳጅ ፓምፕ ምክንያት ጠርቷል። ዴንሶ በተባለው ኩባንያ የተሠራው ፓምፕ ውስጥ ነዳጁን የሚገፋው የፕላስቲክ መዘውር ነዳጅ እየመጠጠ ሲያብጥ ከክፈፉ ጋር ይፋተጋል፤ ፓምፑም ይደክማል ወይም ይቆማል። ምልክቱ ሞተሩ አልነሣ ማለት፣ እየሄደ መንገጫገጭ፣ የሞተር መብራት መብራትና በድንገት መጥፋት ነው።

ይህ ጉድለት እንደ ኤርባጉ በራሱ ሰው አያቆስልም፤ ግን የት እንደሚደርስ ነው ነገሩ። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብድዎታል፤ የፍሬኑ አጋዥም ያከማቸው አቅም አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ሲገጥምዎ ፍሬኑን ደጋግመው አይምቱት፤ አንድ ጊዜ አጥብቀው ረግጠው ይያዙት፤ ማርሹን ዝቅ እያደረጉ ወደ ዳር ያውጧት። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የመውረድ ልማድ ያላቸው ሾፌሮች፣ ይህን አደጋ ራሳቸው በገዛ እጃቸው እየጠሩት መሆኑን ቢገነዘቡ መልካም ነው።

ስለ ሻጩ የጠየቁትን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ላለ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እንግዲህ ጥያቄው ከፍርድ ቤት በፊት በእርስዎ እጅ ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ቁጥሩን ለማሳየት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት መኪናዋን ይተዉአት። ቁጥሩን ካገኙና ካጣሩ በኋላ በሽያጭ ውሉ ውስጥ «ሻጭ በመኪናዋ ላይ ያልተፈጸመ የአምራች የጥገና ጥሪ መኖሩን እንደማያውቅ አረጋግጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ያልተፈጸመ ጥሪ ከተገኘ ደግሞ በግልጽ ተጽፎ፣ ማን እንደሚያስፈጽመውና ወጪ ቢኖር ማን እንደሚሸፍነው ይወሰን። ጥሪ መኖሩ ብቻውን መኪናዋን የማትገዛ አያደርጋትም፤ ብዙ ደህና መኪኖች ጥሪ ነበረባቸው፤ ተፈጽሞላቸውም ለዓመታት ይሠራሉ።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ይህን አይሸፍንም ወይ ለምትሉም፣ ቦሎ መለጠፉ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና የመሳሰለው በዕለቱ ደህና ሆኖ መታየቱን ይመሰክራል እንጂ፣ በታሸገ ኤርባግ ወይም በነዳጅ ታንከር ውስጥ ያለውን ፓምፕ ከፍቶ የሚያይ ምርመራ አይደለም።

አጭር ጥያቄ ስለ ምንጣፍ

*በጭቃ ምክንያት በመኪናዬ ወለል ላይ ሁለት ሦስት ምንጣፍ እደራርባለሁ። ይህም በሪኮል ተይዟል የሚባለው እውነት ነው?*
ከሐይቅ

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ለሌላ መኪና የተሠራ ምንጣፍ የተነጠፈባት ሌክሰስ የነዳጅ መስጫው በምንጣፉ ተይዞ አልመለስ ስላለ አራት ሰዎች ሞተዋል፤ በቀጣዩ ወር ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠርቷል። ይህ ጋራዥ መሄድ ሳያስፈልግዎ ራስዎ ዛሬውኑ የሚፈጽሙት ጥሪ ነው። በሾፌሩ በኩል አንድ ምንጣፍ ብቻ፣ ለመኪናዋ የተሠራው፣ በማያያዣው ተይዞ ይነጠፍ። ጭቃው ከበዛ ምንጣፉን አውጥተው ይጠቡት እንጂ ሌላ አይደርቡበት። ነዳጅ መስጫው ተይዞ ቢቀርብዎ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ይያዙ፤ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፤ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ያጥፉ። መኪናዋ እየሄደች ቁልፉን ከነቀሉ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው

*አስመጪ በቀጥታ ከቻይና ያመጣት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። አስመጪው ዋስትና እሰጣለሁ ቢልም የአምራቹ ወኪል አይደለም። ጥሪ ቢደረግ እንዴት አውቃለሁ?*
ኢ. ሰ.፣ ከደሴ

ይድረስ ለአቶ ኢ. ሰ.፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንደ እርስዎ ያለ ጥያቄ በዝቷል። አዲስ መሆኗ ከጥሪ ነፃ አያደርጋትም። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ የተባለችውን፣ በብዛት ያመረታትን የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መኪናውን ለገበያ ባቀረበ ጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022፣ ጎማውን የሚይዙት ቡሎኖች ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ብሎ 2,700 መኪኖችን ጠርቷል፤ መፍትሔው እስኪገኝም ለወራት እንዳይነዱ አድርጓል።

ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ጥሪዋ የሚታወጀው በቻይና ሲሆን፣ የሚቆጣጠረውም የአገሪቱ የገበያ ቁጥጥር አስተዳደር ነው። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የሚደረጉ አንዳንድ ጥሪዎች ዕቃ ሳይቀየር በኢንተርኔት በሚላክ ሶፍትዌር ብቻ ይፈጸማሉ፤ ይህ ለቻይናው ባለቤት ቀላል ሲሆን፣ የእርስዎ መኪና ከአምራቹ መረብ ጋር ካልተገናኘች ግን ማስተካከያው ላይደርሳት ይችላል። ስለዚህ አስመጪውን ዛሬ፣ ገና ዋስትናው ሳያልቅ፣ በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መኪናዋ ሶፍትዌር መቀበል ትችላለች ወይ? የባትሪ ወይም የፍሬን ጥሪ ቢታወጅ ዕቃውን ከየት ያመጣል? ጥገናውንስ የትኛው ጋራዥ፣ በየትኛው ከተማ ይሠራል? አዲስ አበባ ነው ካለ ከደሴ ለሚሄዱበት ጉዞና ለመጎተቻ ማን እንደሚከፍል ጭምር ይጻፍ። መልሱን በፊርማና በማኅተም ይቀበሉ።

ባትሪን የሚመለከት ጥሪ መኖሩን ካወቁ ደግሞ፣ ጥሪው የሚሰጠውን መመሪያ እስኪያገኙ ድረስ መኪናዋን ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ወይም በበረንዳ ሥር አያሳድሯት፤ ውጭ፣ ከግድግዳና ከሌሎች መኪኖች ራቅ ብላ ትቁም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሰክታችሁም አትተኙ። በመኪናዋ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ ከሆነ የስክሪኑን ፎቶ አንስተው፣ ቀኑንና የተነዳችውን ኪሎ ሜትር ጽፈው፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ለአስመጪውም ለአምራቹም ይላኩ።